«ወይኔ» ያለው ሰው

አስካለ ማርያም ይሄይስን የወደደችው ተናድዳበት ነው። ሌላዋ በዓይኗ ትወዳለች፣ ሌላዋ በወሬ፣ አንዳንዷም ወላጆቿ ውደጂ ስላሏት። እሷ ግን ገና ባየችው ቀን ደሟ ፈላ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደስታም መከራም ከዚያ ንዴት የተቀዳ ነው።

ጊዜው 1958 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ ሲሄዱ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ባለው ዳገት ላይ የአባቷ የባላምባራስ አድማሴ የወይን ቦታ አለ። ባላምባራስ የመጀመሪያዎቹን ግንዶች ቆርጠው ያመጡት ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ግቢ ነው። መጭመቁንና በበርሜል ማቆየቱን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ይነግድ ከነበረ ግሪክ ተማሩ። ልጃቸው የተወለደችው ሐረጉ መጀመሪያ ባፈራበት ዓመት ነው። ቄሱ የክርስትና ስሟን አስካለ ማርያም ሲሏት፣ የማርያም የወይን ዘለላ ማለት ነውና፣ ባላምባራስ ደስ ብሏቸው ሌላ ስም ሳያወጡላት ቀሩ።

በዚያ አገር ሰው ጠላውንና ጠጁን ያውቃል። ወይን ሲባል ግን የባላምባራስ ወይን ብቻ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ የሚጠቁር፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት የሚቀላ ወይን ነበር። የደብረ ማርቆስ ሹማምንት ከአዲስ አበባ የመጣላቸውን ጠርሙስ ትተው እሱን ያስፈልጉ ነበር። ባላምባራስም ለመጣው ሁሉ አይሸጡም። ገዢውን አይተው፣ ዘሩን ጠይቀው፣ ደስ ካላቸው ነው።

እውነቱን ለመናገር ከሆነ ግን ወይኑ የባላምባራስ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ተስቦ ታመው ከተነሱ ወዲህ ምላሳቸው ጣዕም መለየት ትቷል። ዘለላው የሚቆረጥበትን ቀን የምትወስነው አስካለ ናት። ፍሬውን ነክሳ፣ ዘሩን በጥርሷ ሰብራ «ነገ» ካለች ነገ ነው፣ «ገና» ካለችም ገና ነው። የምትጨምቀው፣ የምታጠልለው፣ በርሜሉን የምታሽገው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ ግን ቀድተው የሚመሰገኑት ባላምባራስ ናቸው። እሷ ከበሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች።

ባል አልነበራትም። በልጅነቷ ዱርቤቴ ተድራ፣ አፉ ማር የሆነ እጁ ግን የማያርፍ ሰው ገጥሟት፣ በእግሯ ተመልሳ መጥታለች። የመጀመሪያውን ባል አባት ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን ሴቲቱ ራሷ ብትመርጥ የአገሩ ሰው ብዙም አይከፋውም። እሷ ደግሞ ማንንም አልመረጠችም።

በዚያ ጥቅምት ከቡሬ አንድ ወጣት መጣ። የእማዋይሽ ልጅ ይሄይስ ነኝ አለ። የእማዋይሽን ጠጅ ቤት የማያውቅ መንገደኛ የለም፤ ከወለጋ አባይን ተሻግሮ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ጉሮሮውን የሚያርሰው እዚያ ነው። ይሄይስ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል የቅኔ ተማሪ ነበር። አባቱ ሲሞት ጉባኤውን ትቶ እናቱን ሊረዳ ቡሬ ገባ፤ ምላሱ ግን እዚያው ጉባኤ ቤት ቀረ። አንድን ነገር በአንድ ፍቺ መናገር አይሆንለትም ነበር። የመጣው ለእናቱ ቤት ወይን ሊገዛ ነው።

ባላምባራስ ከቤት አልነበሩም። አስካለ እንግዳ ነው ብላ በብርጭቆ ቀዳችለት። ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ዓይኑን ጨፈነ። አባቷ እንኳ ለወይኑ እንዲህ ያለ ክብር ሰጥተውት አያውቁም። ደስ ሊላት ሲል ተናገረ።

«ግሩም ነው» አለ። «ጌሾው ግን አነሰው።»

«ምኑ?»

«ጌሾው። ማርም ጠብ ቢደረግበት…»

ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ የቀረውን ጫማው ላይ ደፋችው። ያን ሁሉ ወር ፀሐይ ስትቆጥርለት፣ ወፍ ስትጠብቅለት የኖረችውን ወይን ጌሾ አነሰው አለ።

ይሄይስ ወደ እግሩ ተመለከተ። «ጫማዬ እንኳ ምንም አልጎደለውም እያለ ነው» አለ።

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ስላመጣባት ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። አባቷ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው እጃቸውን አራገቡ። የሳቸው ወይን በጠጅ ቤት በብርሌ አይቀዳም፤ የጠጅ ቤት ልጅም ደጃቸውን ባይረግጥ ይሻላል።

ይሄይስ ግን ተመልሶ መጣ። ጥፋቱን ሊክስ ነው የመጣው፤ ሰፈፉ ያልተለየ ማር በቅል ይዞ «ማሩን ለብቻው አመጣሁት» አላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ወርዶ ውሃ ጠየቀ። ላህን የሚያህል ወንዝ አጠገቡ እያለ ውሃ መጠየቁን ራሱም ሳያፍርበት አልቀረም። በየካቲት ለለቀማ ደቦ ሲጠራ ከማንኩሳ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ገባ። ባላምባራስ ከሩቅ አይተውት አላወቁትም።

ከረድፉ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያያታል። ቀና ስትል ዓይኑን ይሰብራል፤ ጎንበስ ስትል ዓይኑ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ይሰማታል። እሷም ቅርጫቷ ሳይሞላ ሞላ እያለች በሱ በኩል ታልፋለች። ለራሷ ግን የማታምነው ነገር ነበር።

«ይቺ ሐረግ ደጋፊ ትፈልጋለች» አለ አንድ ቀን፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ይዞ።

«ያለ ደጋፊ ነው የኖረችው።»

«ዘለላዋ እንዳይከብዳት ብዬ ነው።»

«ስለ ሐረጓ ነው የምታወራው?»

«ፍቺው የሰሚው ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ።»

ይኸው ነገሩ ነበር የሚያበግናት። እንደሚወዳት ዓይኑ ይናገራል። ከአፉ ግን አንዲት ቀጥ ያለች ቃል አትወጣም። ሁልጊዜ ለመካድ የሚያመች፣ ሲመሽ የሚያሞቅ ሲነጋ የማይገኝ ቃል ነው። እሷ ደግሞ አፉ ማር የሆነ ሰው ዱርቤቴ ላይ ጠግባለች። ቅርጫቷን አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«የምትፈልገው እኔን ከሆነ ሽማግሌ ላክ» አለችው። «ወይን ከሆነ ደግሞ ገበያ ሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ፋሲካ አልፎ በግንቦት መጡ። በመሪነት የመጡት መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸውና ባላምባራስ ከደጅ ሊመልሷቸው አልደፈሩም። አስቀምጠው ሰሟቸው። እሺም እምቢም አላሉም። ከዚያ ከቆየው ወይን እንድታመጣ ልጃቸውን አዘዟት፤ ለፍቅር አይደለም፣ የጠጅ ቤት አማላጆች ወይን ምን እንደሆነ ይወቁት ብለው ነው።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ይሄይስ ግን አላስችል ብሎት በቅሎ ጠባቂ ነኝ በሚል ግቢው ውስጥ ልጓም ይዞ ቆሟል። ወይኑ የሚቀመጥበት ጓዳ ከዳገቱ ሥር የተቆፈረ፣ በድንጋይ ደረጃ የሚወረድበት ነው። ጠዋት ካፊያ ጥሎ ነበር። አስካለ እንስራውን አዝላ ደረጃውን ስትወጣ ዓይኗ ወደ በቅሎዎቹ ሄደ። እግሯም አንሸራተታት።

እንስራው ተከሰከሰ። ወይኑ ደረጃውን አለበሰው። እሷም መሬት ልትይዝ ስትል በመዳፏ ስባሪው ላይ ወደቀች። ይሄይስ ልጓሙን ለቆ ሮጠ፤ የመሪጌታም በቅሎ ወደ ወንዙ አመለጠች። ሲሮጥ የጮኸው ጩኸት እዳገቱ አናት ድረስ ተሰማ።

«ወይኔ!»

ደርሶ ተንበረከከ። መጀመሪያ ያነሳው ግን እሷን አልነበረም። ትልቁን ገል አነሳ፤ ጎድጓዳው ላይ ትንሽ ወይን ቀርቶበታል። አስካለ ይህን አየች። ደሙና ወይኑ ተቀላቅለው ሌላ ሰው ላይለያቸው ይችላል፣ እሷ ግን መዳፏ እንደተሰነጠቀ ታውቃለች።

ሽማግሌዎቹ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ደነገጠ፣ ወይኔ አለ፣ አለቀ። ይህ ግን ጎጃም ነው። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጺማቸውን ዳበሱ፤ ፊታቸው በራ።

«አያችሁልኝ ተማሪዬን?» አሉ። «ወይኔ አለ። ሰሙ ዋይታ ነው። ወርቁ፣ ወይኑ የኔ ነው።»

ክፋት አስበው አይደለም፤ ልጁን ማመስገናቸው ነበር። ሌሎቹም «ይበል፣ ይበል» እያሉ ሳቁ። ሴት ደም እየፈሰሳት እነሱ ቅኔ ይፈታሉ።

ባላምባራስ አልሳቁም። «ገና ሳይገባ ወይኔ አለ» አሉ። «ከገባማ ቤቴ ሊል ነው።»

ይሄይስ «ኧረ እኔ…» ብሎ ሲጀምር አንዱ ሽማግሌ ሦስተኛ ፍቺ ሊያወጣ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ቃሉን ዋጠው። እጁን ወደሷ ዘረጋ።

«አትንካኝ» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ወይንህን ልቀም።»

ሽምግልናው በዚያው ፈረሰ። ይሄይስ አንድ ጊዜ ብቻውን መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ባላምባራስ ውሻ ለቀቁበት። አስካለ ጩኸቱን እየሰማች ከቤት አልወጣችም። ያን ክረምት አረሙን የነቀለችው በንዴት ነው፤ አንዳንዴ ሥሩን ስትስብ ስሙን ትጠራለች። ከሁሉ የሚያናድዳት ግን ሌላ ነገር ነበር። ያ የ«ወይኔ» ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ደጋግማ ስትሰማው የሚቀኝ ሰው ድምፅ አይመስልም። ሊያሞኘኝ ነው ትልና ደግሞ አረሙን ትነቅላለች።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከደብረ ማርቆስ አንድ ሹም መጣ። ባላምባራስ ጠርሙሱን በእጃቸው ከፍተው ቀዱለት። አስካለ እንደ ልማዷ ከበሩ ኋላ ነበረች።

«ወይኔን ቅመሱት» አሉ ባላምባራስ። «በዚህ እጄ ነው ያበጀሁት።»

ሹሙ ቀመሰ፣ አደነቀ፣ እጃቸውን አመሰገነ። አስካለ መዳፏን ተመለከተች። ወይኔ አሉ። ማንም ጺሙን አልዳበሰ፣ ማንም ወርቅ አልፈለገ። እንግዳው እስኪሄድ ታገሠች፤ ይህም ለእሷ ብዙ ነው።

«አባዬ» አለች፣ «ይሄይስ ወይኔ ቢል ሌባ አደረጋችሁት። አንቱ ሲሉት ለምን ፍቺ አይፈለግለትም?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ወይኑ የማን ነው ማለቴ ነው።»

ባላምባራስ ሳቁ። መሬቱ የሳቸው፣ ግንዱ የሳቸው፣ ስሙም የሳቸው ነው፤ ልጅስ ብትሆን የአባቷ እጅ አይደለችም? ምላሳቸው እንደሞተ ስታነሳባቸው ግን ሳቁ ጠፋ። ከማንም ጋር የማያወሩት ነገር ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አሏት፤ ይቺ ተረት ስንት ሴት ዝም አሰኝታለች።

«እንግዲያው የዘንድሮውን በወንድ ይጨርሱት» አለች።

ባላምባራስ ከዚህ ደጅ ከወጣሽ ወይን አለኝ ብለሽ እንዳትመለሺ አሏት። እሷም ነጠላዋን አንስታ ወጣች። መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አግኝታ ቡሬ ገባች። ለዕርቅ አልነበረም የሄደችው። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ስድብ የምታወርድበት ሰው ስለፈለገች ነው።

እማዋይሽን ጠጅ ሲያጠልሉ አገኘቻቸው። ጎበዝ፣ ወፍራም፣ ዓይናቸው ምንም የማያመልጠው ሴት ናቸው። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ማን እንደሆነች ሳትነግራቸው አወቁ።

«ልትሰድቢው ከሆነ ግቢ» አሏት። «ቢሰደብ እንኳ ይናገር ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ አፉን ዘግቶ ደንበኞቼን አሸሸብኝ። ለጠጁ ብቻ የሚመጡ ይመስልሻል?»

ይሄይስ በጓሮ ብርሌ እያጠበ ነበር። ከስቷል። ሲያያት ብርሌው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ምን ነበር ያልከው?» አለችው። መቼ ብሎ አልጠየቃትም።

«ወይኔ ነው ያልኩት።»

«ፍቺው?»

«ፍቺ የለውም። ስትወድቂ አየሁ፣ ከአፌ ወጣ።»

«ገሉንስ ለምን አነሳህ?»

«መዳፍሽ ላይ ተሰክቶ ነበር።»

እጇን ገልብጣ ጠባሳውን አየችው። ከአውራ ጣቷ ሥር ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ጠባሳ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስታየው ኖራ፣ ገሉን ከሥጋዋ ማን እንደነቀለው ራሷን ጠይቃ አታውቅም። አሁን ሊበርድላት ሲገባ ይባስ ነደደች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አለችው። «እኔ እየደማሁ፣ አባቴ እየሰደቡህ፣ እነዚያ እየሳቁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቅኔ የተማርክ ሰው አንዲት ቃል ጠፋችህ?»

«ብናገርስ ማን ያምነኛል? አንድ ስናገር ሁለት ይሰማሉ። ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ።»

«እኔንም አስለምደኸኛል።»

«አንቺንም» አለ፤ አቀረቀረ።

የጠጁ ጠብታ ከወንፊቱ ሲወርድ ይሰማል፤ እማዋይሽ ከግድግዳው ወዲያ እጃቸውን አቁመው እያዳመጡ ነበር። አስካለ ለስድብ ያዘጋጀችው ሁሉ አልቆባታል። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያው አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ቃል ንገረኝ።»

ብርሌውን መሬት አስቀመጠ። እጁ ውሃ ያንጠባጥባል። ሲናገር ትናንት ጉባኤ እንደገባ ተማሪ ተንተባተበ።

«እወድሻለሁ» አለ። «ወይን ባይኖርሽም፣ አባትሽ ቢረግሙኝም እወድሻለሁ። አግቢኝ።»

አስካለ እንደ አገሯ ሰው ወርቁን ፈለገች። ገልብጣ አየችው፣ መዝና አየችው። ከሰሙ ሥር ያው ራሱ ሰሙ ነበር።

«ይበል» አለች።

ጾመ ነቢያት ሳይገባ በሰማንያ ተጋቡ። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ምስክር ሆነው ፈረሙ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ምንም እንደማይፈቱ ቃል አስገብታቸዋለች። ከሷ ወገን ማንም አልመጣም። መልስ የሚጠራም አልነበረም። ሙሽራና ሙሽሪትን ወደ ልጅቷ ቤት ጠርቶ አብልቶ መመረቅ የአባት ወግ ነው፤ ባላምባራስ ግን ልጅ የለኝም ብለው ላህን ለሚሻገረው ሁሉ ይናገራሉ ተባለ።

ከይሄይስ ጋር ደስ ብሏት ትኖራለች። ቀልዱ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ደንበኞቹም ተመለሱ። ለሷ ሲሆን ግን ቀጥ አድርጎ ይናገራል፣ ሲሳሳት ደግሞ በዓይኗ ታርመዋለች። ይሁን እንጂ ጥር ሲገባ እረፍት አጣች። ሰማዩን እያየች በረዶ ትፈራለች። ጠዋት ጠዋት አፏ ውስጥ የሌለ ፍሬ የምታኝክ ይመስል ጥርሷን ታፋጫለች። እሷ የሌለችበት ወይን ዳገቱ ላይ እየጠቆረ እንደሆነ ታውቃለች፤ አንድ ሳምንት ቀድሞ ቢቆረጥ ኮምጣጣ፣ ዘግይቶ ቢቆረጥ የጉንዳን ሲሳይ እንደሚሆንም ታውቃለች። ይሄይስ እንሂድና ደጃቸው ላይ እንውደቅ ቢላት ተቆጣች። ልመና የሚገባው የበደለ ነው፤ እሷ ማንንም አልበደለችም።

የቅበላ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ጠጅ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ወሬው ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓዳው ተራ በተራ ፀጥ አለ። ካባ የደረቡ፣ ጫማቸው አቧራ የጠጣ፣ ጠጅ ቤት ረግጠው የማያውቁት ባላምባራስ አድማሴ ናቸው።

እማዋይሽ መደቡ ላይ ቦታ አስለቀቁላቸው። ብርሌ ሞልተው አቀረቡ። ባላምባራስ ተቀመጡ፣ ብርሌውን አነሱ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው እስኪያልቅ ጠጡት። አስካለ ከጓዳው በር አልተነቃነቀችም። ልቧ ወደ አባቷ ይሮጣል፤ ንዴቷ እግሯን ይዟታል።

«ፍሬውን ነከስኩት» አሉ ባላምባራስ። ሲናገሩ ቤቱን እንጂ እሷን አልተመለከቱም። «በየማለዳው ወርጄ ነከስኩት። ምንም አይነግረኝም። ተስቦ ከያዘኝ ወዲህ ምላሴ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የባላምባራስ ወይን ብላችሁ የጠጣችሁት ሁሉ የሷ ነው።»

ጠጪዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም።

«ታዲያ ከኔ ምን ይፈልጋሉ?» አለች አስካለ።

ያን ጊዜ አዩዋት። አርጅተዋል።

«ወይንሽ ደርሷል» አሏት።

መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጥግ ተቀምጠው ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አስካለን አዩና ዘጉት።

«ባሌስ?»

«ሁለት በቅሎ ጭኜ መጥቻለሁ» አሉ ባላምባራስ። «መልስ ልጠራችሁ ነው። ዘገየሁ።»

አስካለ ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ንዴቷ ገና አልበረደላትም፤ መንገድ ላይ ለአባቷ የምትነግራቸው ብዙ ነገር አለ። እማዋይሽ ስንቅ ካልቋጠርኩ ቢሉ አልሰማቻቸውም። ነጠላዋን አጣፋች፣ በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ወደ አባቷ፣ አንድ ጊዜ ወደ ባሏ ዞረች።

«ተነሱ እንጂ» አለቻቸው። «ፀሐይ ሳትገባ ደርሰን ፍሬውን ልንከሰው።»